በግራ የሚቆም ሰው

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉልበቱ እየተንቋቋ ልቡ ለሚጋልበው አጎቴ፣ ለአያ ቻላቸው፤

እንደምን ከርመሃል? ባለፈው ደብዳቤህ ከላሟ እስከ ውሻው በየተራ ሰላምታ ስታስተላልፍ ወረቀቱ አልቆብህ ዋናው ጉዳይ ጠርዝ ላይ ተጨናንቆ ደረሰኝ። እኔ ወረቀት የማባክንበት አቅም የለኝም። ለአንተም ለላሟም ለውሻውም አንድ የጅምላ ሰላምታ ልኬያለሁ፤ ሳትጣሉ ተካፈሉት። ስልኬ እንደሆነ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ፊቴን ከማይበት በቀር ሥራ የለውም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። እማዬ ደህና ናት። ጥቁር አልለበሰችም፤ አንተ «ሰው ሳይሞት ምነው ጥቁር» ብለህ ከገሠጽሃት ወዲህ የገዛችውን ልብስ አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እትዬ እቴነሽም ደህና ናት። ቤቷ ከገባን ጀምሮ እህቷ አንዴ እስክታለቅስላት እየጠበቀች ነው። ሙሾውን አዘጋጅታ፣ ድምጿን ጠራርጋ የምታወርድበት ቀን አጣች።

አሁን የእኔ ተራ ነው። የአይከሉ ሚኒባስ ሹፌር ትዕዛዙ፣ ማለት ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህና መንገድ ላይ ከፍቶ የሚያነበው (ትዕዛዙ፣ እንደምን አለህ?)፣ ሰኞ ዕለት ከጤፉ ጋር አንድ ወሬ አራገፈልን። አያ ቻላቸው ዘንድሮ ሩር ማቀበል ጀምሯል አለን። እትዬ እቴነሽ በሳቅ ግድግዳ ያዘች። አንተ የላይ ሰፈር የገና ጨዋታ አለቃ ከሆንህ ወዲህ ያቺን የእንጨት ሩር አንዴ በበትርህ ከነካሃት ሌላ የሰፈርህ ሰው ሲነካት ያየ የለም። ወይ ታገባታለህ፣ ወይ ትወድቅባታለህ። ጓደኞችህን ሜዳ ሙሉ አቁመህ ብቻህን የምትጫወት ሰው ነህ። አንተ ለሰው ሩር ከምታቀብል የቁስቋም ፍርስራሽ ተነሥቶ ራሱን ቢጠግን ይቀላል።

ለማን አቀበለ ብዬ ጠየቅሁት። ትዕዛዙ የማኪናውን ቁልፍ ሲያገላብጥ ቆየና «ወደ ግራ» አለ።

«ግራ ላይ ማን ቆሟል?»

«ማንም።»

አያ፣ ግራ ላይ የሚቆመው አባቴ ነበር። እትዬ እቴነሽ ሳቋን ዋጠች። እማዬ ጤፉን ልታስገባ ብላ ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ጤፉ ግን ደጅ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬን እንደገና ልለምን። ጓንግ ወንዝ አባቴን በነሐሴ ሙላቱ ከወሰደው ወዲህ አስከሬን የለም፤ አስከሬን ስለሌለ ፍትሐት የለም፤ አርባውም ሰማንያውም እንዲሁ አለፈ። ቄስ ዕንባቆም ሥጋው ባይገኝም ነፍሱን እንፈታለን፣ ግን በክርስትና ስሙ ነው፣ «አድማሴ» የዓለም ስም ነው ብለዋል። እማዬ ደግሞ አድማሴን እንጂ ሌላ ስም አታውቅም። እናንተ ወንድማማቾች የክርስትና ስም ደጋሚ ይሰማዋል እያላችሁ እንደ ወርቅ ቀብራችሁታል። ክርስትና አባቱ ሞቷል፤ አያቴም ሞታለች። የቀረኸው አንተ ነህ። በየካቲት መንፈቁ ነው። ያኔ ሳይፈታ ከቀረ እማዬ ያቺን ሳጥን እያየች ልትኖር ነው።

ስሙን ላክልኝ።

የማትታዘዝህ ግን የምትወድህ፣
እፀገነት

*

ጭልጋ፣ ላይ ሰፈር
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት አድማሴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እናትሽ አስናቀች እንደምን ናት? እቴነሽ ከነምላሷ እንደምን ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ወይፈን ነው። ውሻው ሰላምታሽ አነሰኝ ብሏል።

ምነው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጻፋል? እኛ በመሠረተ ትምህርት ስንማር ደብዳቤ መጀመሪያው ሰላምታ፣ መካከሉ ሰላምታ፣ መጨረሻው ስንብት ነው ተብለን ነው። አንቺ አሥረኛ ክፍል ደርሰሽ ገና ሳትቀመጪ ጉልበቴን አነሣሽ። ጉልበቴ ሸጋ ነው። የሚንቋቋው በብርድ ነው።

የትዕዛዙን ወሬ በሚመለከት፣ ትዕዛዙ ሹፌር ነው፤ ማኪናውን ይንዳ። ሩር ወዴት እንደሚሄድ እሱን ማን ጠየቀው? እሑድ ታች ሰፈሮች አሸንፈውናል። ያጋጥማል። ከዚያ በፊት ባለውም እሑድ አሸንፈውናል፤ እሱም ያጋጥማል። ገና ልምምድ ነው፤ የበዓሉ ዕለት ይተያያል። ዘንድሮ ከቅዳሴ ስንወጣ ሜዳውን ጉም ይሸፍነዋል። ፀሐይ እስክትጠነክር ሰው ከሰው አይለይም።

ለገበያ ወረድ ስትይ ከወለቃ አንድ ሸጋ የውኃ እንስራ ግዥና በትዕዛዙ ላኪልኝ። የበፊቱ ተሰብሯል። እንዴት ተሰበረ ብለሽ አትጻፊ።

ስለ ስሙ የጠየቅሽው ሲደርስ ይደርሳል። ስም ለቄስ የሚሰጠው ለሞተ ሰው ነው። አድማሴ ዋናተኛ ነው። ልጆች ሆነን ጓንግን እኔ ዳር ቆሜ እሱ ነበር የሚሻገር። ቁልቁል ወርዶ አንድ ቦታ ወጥቶ ይሆናል። መንገዱ ደግሞ ዘንድሮ እንደምታውቂው ሰው አያስመጣም። በትሩን ቅባት ቀብቼ ምሰሶው ላይ ሰቅዬለታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእቴነሽ አታንብቢላት።

አጎትሽ ቻላቸው

*

ጎንደር፣ ቁስቋም
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ቻላቸው፤

ሰላምታ። መካከሉ ላይም እጨምርልሃለሁ፤ አትስጋ።

ደብዳቤህን ለእትዬ እቴነሽ አላነበብሁላትም። እሷ ናት ከትዕዛዙ ቀምታ ለእኔ ያነበበችልኝ። «ከነምላሷ» የሚለው ላይ ስትደርስ ዝም ብላ አለፈችው፤ ዓይኖቿ ግን አላለፉትም። እንስራው ተገዝቷል። እንዴት እንደተሰበረም አልጠየቅሁም፤ ትዕዛዙ ነግሮናል። ጓሮህ ውስጥ ብቻህን በድንጋይ ትለማመዳለህ አሉ፣ ወደ ግራ እያየህ።

እማዬ እንደምን ናት ብለሃል። ምንም አትልም። እራት ስታቀርብ ለአራት ሰው ታቀርባለች፤ እኛ ሦስት ነን። ጠዋት ላይ ያ የአራተኛው ድርሻ ለእኔ ምሳ ይቋጠርልኛል። አባቴ ሲዘገይ እኔ ወፈርሁ።

ዋናተኛ ነው ያልኸውን አንብቤ ከመናደዴ የተነሣ አንድ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ለአንተ መድገም ስለሚገባኝ እደግመዋለሁ። እስካሁን ቢዋኝ ኖሮ ሱዳን ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ነበር አልሁ። እትዬ እቴነሽ በጥፊ አለችኝ። ደግ አደረገች። ነገር ግን ውሸት ነው አላለችም።

መካከል፦ ሰላምታ።

ቄስ ዕንባቆም ዘንድ እንደገና ሄጄ ነበር። አሁን አሁን ሲያዩኝ ሊያመልጡ ጃንጥላቸውን ያነሣሉ። ዝም ብለው ወልደ እገሌ ብለው ይፍቱት፣ እግዚአብሔር ማንን እንደሆነ ያውቃል አልኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው ቆሙ።

«እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ ልጄ። የማያውቀው ሟቹ ነው። በስሙ ካልተጠራ ለእሱ መሆኑን በምን ይለየው?» አሉኝ።

ከዚያ ጀምሮ ሰው ስሜን ሲጠራ ቶሎ አልመልስም። አንዳንዴ ዝም ብዬ እንዴት እንደሚሆን እሞክረዋለሁ።

አሁን እትዬ እቴነሽ ገበያ ናት፤ ስለዚህ የምትስቅ የለችም፤ እኔም አልስቅም። ወደ ግራ ስትመታት፣ አያ፣ ሩሯን ማን ያነሣታል?

እፀገነት

*

ጭልጋ፣ ላይ ሰፈር
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤

ይህን ደብዳቤ ትዕዛዙ እንዳይከፍተው በጧፍ ሰም አትሜዋለሁ። እንደምን አላችሁ? እንስራው ደርሷል፤ ሸጋ ነው፤ አያፈስም።

ሳትስቂ ስለጠየቅሽኝ እኔም ሳልቆጣ እመልሳለሁ።

አስቤበት አይደለም የምመታት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቻሌ! ግራ!» እያለ ሲጮኽብኝ ኖሯል። እሰማዋለሁ፤ ግን አልሰማውም። አንቺ ልጅ ሆነሽ ሜዳው ዳር ተቀምጠሽ አይተሻል። ዘንድሮ በመጀመሪያው እሑድ ሩሯ እግሬ ሥር ናት፤ ጉም ነው፤ ማንም ግራ አላለኝም። ዝምታው ከዚያ በኩል መጣብኝ። ሰው በግራ ጆሮው በኩል ብቻ ሲደነቁር ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እንዲያ ሆነብኝ። መታኋት።

ጉሙ ዋጣት። የእኛም የእነሱም ሰዎች ቆሙ። አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ከዚያ ተመልሳ መጣች። ሣሩን እየላሰች፣ ሳትቸኩል መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። የመታትን ሰው አላየሁም። የበትሩን ድምፅ ግን ሰምቻለሁ። አባትሽ ሲመታ እንደ ሌላው ሰው ጧ አይልም፤ ታፍኖ ነው የሚወጣ፣ እንደ ሳል። ያ ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ጊዜ ተመልሳልኝ ሌላ ጊዜ ብነፍገው ምን ዓይነት ወንድም ነኝ?

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መክረውብኛል። ይህ ሰው የያዘው ነገር አለ፣ ጠበል ይግባ ብለዋል። ጠበሉን አልፈራም፤ ብርዱን ነው። የሚያሳዝነኝ ከመካከላቸው ግማሾቹ በትር መጨበጥ እንኳ የማይችሉ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ስሙን አትጠይቂኝ። ሩር የመለሰልኝን ሰው ሞተ ብዬ ለቄስ አልሰጥም።

አጎትሽ ቻላቸው

*

ጎንደር፣ ቁስቋም
ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ቻላቸው፤

ሰሙን ትዕዛዙ አልደፈረውም፤ ድግምት መሰለው። ደብዳቤህን በሁለት ጣቱ ይዞ ነው የሰጠኝ።

ለማንም አላነበብሁትም። እማዬ ምን አለ ስትለኝ ስለ ላሟ ነው የጻፈው አልኋት። አንተ ደግሞ ስለ ላሟ አንድም ቃል አልጻፍህም፤ አስዋሸኸኝ።

አሁን የምጽፍልህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አያ ሰጠኝ፣ የታች ሰፈሩ አለቃ፣ የዘላለም ባላንጣህ፣ ዓይኑን ሊታከም እዚህ መጥቶ ነበር። እማዬን ሊጠይቅ ገባ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀመጠ። እትዬ እቴነሽ ስለ አንተ ጠየቀችው፤ መልስ ከመስጠቱ በፊት እኔን አየኝ፣ ከዚያ እማዬን አየ፤ በሚታየው ዓይኑ ብቻ።

«ሩሯን የመለስሁለት እኔ ነኝ» አለ። «ምን ላድርግ? ቻላቸው እጁን ዘርግቶ ወደዚያ ጉም ሲያይ አየሁት። ዕድሜ ልኬን አሸንፎኛል፤ እንዲያ ሆኖ ግን ላሸንፈው አልፈለግሁም። በጉሙ ዞሬ ገባሁና መትቼለት ሮጥሁ።»

የእሱን መሮጥ አስበው። ቢሆንም ማንም አልሳቀም። እማዬ እግዜር ይስጥህ አለችውና ሻይ ደገመችለት።

አያ፣ ልቆይና አንድ ነገር ልንገርህ። ደብዳቤህ ከመጣ ጀምሮ ያንን እንደ ሳል የታፈነ ድምፅ እኔም እሰማው ነበር። ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ ሲሰበር፣ በረንዳ ላይ እንጨት ሲወድቅ። እፈራ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። አያ ሰጠኝ ባርኔጣውን አድርጎ ሲወጣ ይዞብኝ ሄደ። ብቻዬን እንዳላጣው ብዬ ነው የነገርሁህ። ክፉ ነኝ፤ አውቃለሁ።

አትጣላው። ዓይኑ ገና በፋሻ ነው።

እፀገነት

*

ጭልጋ፣ ላይ ሰፈር
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእፀገነት፤

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ደህና ናት፤ ይኸው ጻፍሁልሽ።

ሰጠኝን አልተጣላሁትም። አላናገርሁትም እንጂ። ምጽዋት አልፈልግም፤ ከታች ሰፈር ደግሞ ጭራሽ። ከዚያ ቤቱ ሄጄ በየትኛው እሑድ ነው የመለስህልኝ ብዬ ጠየቅሁት። በሁለተኛው ነው አለ።

እፀ፣ ሁለት ጊዜ ነው የተመለሰችልኝ። ለአንቺ የጻፍሁት ስለ መጀመሪያው ነው። በመጀመሪያው እሑድ ሰጠኝ ሜዳው ላይ አልነበረም፤ አይከል ለቅሶ ሄዶ ነበር። ይህን ስነግረው ፋሻውን ሲነካካ ቆየና እስከ በር ሸኘኝ። እስከ በር ሸኝቶኝ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ የመጨረሻ ቃላቸውን ተናግረዋል። በበዓሉ ዕለት እንድጫወት ፈቅደዋል፤ ነገር ግን አንዴ ወደ ግራ ከመታሁ በትሬን ተቀብለው በማግስቱ ጠበል ይወስዱኛል። በትሬን ነው ያሉ። ጠበሉን ሲሉ አልደነገጥሁም፤ በትሩን ሲሉ ግን ተቀመጥሁ።

ካልመታሁለት ደግሞ እሱ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ምን ላድርግ ብዬ አንቺን መጠየቄ ነው እንግዲህ። ዕድሜ ይኸን አመጣ።

ቻላቸው

*

ጎንደር፣ ቁስቋም
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ቻላቸው፤

መልእክቱ ከበዓሉ በፊት እንዲደርስህ ትዕዛዙን በበቆሎ ቆሎ ደልያለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቅ፤ ለታች ሰፈሮች የአንተን መስደቢያ ግጥም ልኬላቸዋለሁ። እነሱ ገጣሚ የላቸውም፤ አዘንሁላቸው። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላል፤ አንተ ደግሞ ጌታ አይደለህም። እንዳትደነግጥ አስቀድሜ እነግርሃለሁ፦

አያ ቻላቸው ቸር ሆነ አሉ ዘንድሮ፣
ለሌለው ሰጠና ያለውን አባሮ።

አዎ፣ ይመራል። ሜዳው ላይ ስትሰማው ሳቅ። ካልሳቅህ የእውነት ይመስላል።

አሁን ምን ላድርግ ላልኸው። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ ቢጠየቅ ይሻላል፤ ነገር ግን ሽማግሌዎችህን አይተናል። ያሉህን እንደገና አንብበው። ወደ ግራ እንዳትመታ ከለከሉህ እንጂ ግራ እንዳትቆም አልከለከሉህም። መሀሉን ለታከለ ስጠውና ሂድ፣ ቁምበት። ታከለ ወጣት ነው፤ ይሮጣል፤ ላንተ ሲል ስንት ዓመት በከንቱ ሮጧል።

አባቴ እዚያ ካለ ቦታዬን ልቀቅ ብሎ ይጣላሃል። በቦታ ቀልድ አያውቅም፤ አንዴ በአንድ ድንበር ድንጋይ ምክንያት የራሱን አበ ልጅ ለወር አላናገረም። ከሌለ ደግሞ ባዶ ሜዳ ነው፤ ትቆማለህ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ አይቆምም።

ከዚያ ከሁለት አንዱን ጻፍልኝ። «የለም» ካልህ ስሙን አብረህ ጻፍ። «አለ» ካልህ ዳግመኛ አልጠይቅህም። የአራተኛውን ድርሻ ከእንግዲህ እኔ ራሴ አቀርብለታለሁ፤ ምሳዬም አላደርገውም።

ብርድ ነው፤ ሁለት ጋቢ ልበስ።

እፀገነት

*

ጭልጋ፣ ላይ ሰፈር
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤

እንኳን ለልደቱ አደረሳችሁ። ሰላምታውን በዚህ አሳጥሬዋለሁ፤ የምጽፈው ብዙ ነው፤ እጄም ደክሟል።

መሀሉን ለታከለ ሰጠሁት። አያ፣ አመመህ እንዴ አለኝ። ሰውም አመመው አለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ለምስክርነት በረድፍ ተቀመጡ።

ግራ ሄድሁ። መጀመሪያ አጠገቤ የአንድ ሰው ክፍተት ትቼ ቆምሁ፤ ምናልባት ብዬ። እንዲያ ሆኜ ቆየሁ። ከዚያ አንድ እርምጃ ተራምጄ ክፍተቱ ላይ ራሴ ቆምሁ። ማንም ልቀቅ አላለኝም።

ከዚያ ምን ሆነ ብትይ ምንም አልሆነም። ነገሩ ይኸ ነው፣ እፀ። ጩኸቱ እዚያ ማዶ ነው፤ አቧራው እዚያ ነው፤ አንቺ በትር ጨብጠሽ የሰው ጀርባ ታያለሽ። የጉብታው ጥላ ቀድሞ የሚወድቅ ግራ ላይ ነው። እኔ መሀል ቆሜ ጀምበር እስክትጠልቅ ፀሐይ ሲመታኝ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አላውቅም ነበር። ይበርዳል። ሁለት ጋቢ ለብሼ ይበርዳል። እግር ሲደነዝዝ ያለው መላ ባሉበት መዝለል ነው። አድማሴ እዚያ ቆሞ ሲዘል ስንት ገና ስቄበታለሁ፤ ፍየል እያልሁት። ለካ በርዶት ነው።

እኔም ዘለልሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ሳላስበው አፌ ተከፈተ። «ታከለ! ግራ!» አልሁ። አልሰማኝም። ማለት ሰምቶኛል፤ ግን አልሰማኝም። ደግሜ ጮኽሁ። ድምፄ የእኔ አልነበረም፤ የእሱ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ድምፁ እንዲያ ይሆናል መሰለኝ።

ታች ሰፈሮች ግጥምሽን አወጡት። እኔ አስቀድሜ በቃሌ ይዤዋለሁ። እነሱ ግን ገና ሁለተኛው ላይ ሳይደርሱ አፈሩ፤ ሰጠኝ እጁን አንሥቶ ሊያስቆማቸው ነበር። ግጥሙ ሸጋ ነው፣ ምነው ታቋርጡታላችሁ ብዬ ጨረስሁላቸው። ሳቅሁም። እንደነገርሽኝ ነው፤ ሲሳቅበት ይቀልላል።

ወደ ማምሻው ሩሯ መጣችልኝ። ታከለ አላቀበለኝም፤ አምልጣው ነው። ከፊቴ እስከ ታች ሰፈር ግብ ድረስ ሰው የለም። እፀ፣ ባዶ ሜዳ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ባዶ ሜዳ ከፊቴ ተዘርግቶ አያውቅም። ታከለ መሀል ቆሟል። አልጮኸም፤ እንደማልሰጠው ያውቃላ። እዚያ ግራ ላይ ሆኜ ሳየው ያ አቋቋም፣ በትሩን ዝቅ አድርጎ ማንንም ሳይጠይቅ መቆሙ፣ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ዞሬ አላየሁትም እንጂ።

ሰጠሁት። አገባት።

አሸነፍን። ሳቂ እንግዲህ። እንዲህ ያለ ድል ከብዙ ዘመን ወዲህ አላየንም፤ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ሲፈልግ እኔ መሀል አለመኖሬን አገኘ። ይኸ ከጉልበቴ ይልቅ ያመኛል። ታከለን ተሸክመው እየዘፈኑ ወደ ሰፈር ወጡ። እኔ እዚያው ቆምሁ፤ ጥላው ሜዳውን እስኪጨርሰው ድረስ። አንድ ጊዜ ስሙን ጠራሁት፤ የቤቱን ስም አይደለም።

የለም፣ እፀ።

ያን የመጀመሪያውን እሑድ ማን እንደመለሳት አላውቅም፤ ከእንግዲህም አልጠይቅም። አሁን ግን የለም።

ክርስትና ሲነሣ እናታችን ታማ ነበር፤ ከክርስትና አባቱ ጋር አቅፌ የወሰድሁት እኔ ነኝ። በክረምት ነው፤ ጋቢዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ካህኑ ስሙን ነገረኝና ጠብቀው አለኝ። ስሙን መስሎኝ ያን ስጠብቅ ኖርሁ።

ወልደ ዮሐንስ ነው። ትዕዛዙ ቢያነበውም አሁን ግድ የለኝም። ለቄሱ ስጪያቸው፤ ወልደ ዮሐንስ።

አጎትሽ ቻላቸው

*

ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ቻላቸው፤

መንገዱ ተዘግቶ መምጣት እንዳቃተህ፣ ስንቅህንም ይዘህ መናኸሪያ ውለህ እንደተመለስህ ትዕዛዙ ነገረን። ስለዚህ የመንፈቁን ነገር እንዴት ሆነ ላልኸው ባየሁት ልክ እጽፍልሃለሁ።

እማዬ ጥቁሩን ለበሰች። ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ስለነበር በእጥፋቱ መስመር ተሠርቶበት ነበር፤ እትዬ እቴነሽ ልትተኩስላት ብትል እምቢ አለች። ዝክሩ ሸጋ ነበር። ነዳያኑ ጠግበዋል። አያ ሰጠኝ ሁለቱም ዓይኑ ተገልጦ አለ፤ መንገዱ ሳይዘጋ ፋሻውን ሊያስፈታ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል፤ ጠላውን እሱ ነው የቀዳ፤ ግማሹን ለራሱ። ስለ አንተ ጠይቆኝ፣ አሁንም ግራ ነው የሚቆመው አልሁት። ቢበርደው ይድናል አለ። ሰደበህ ብዬ አልመዘገብሁበትም።

ቄስ ዕንባቆም ስሙን ስሰጣቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ ጃንጥላቸውን አስይዘውኝ ገቡ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ታውቃለህ፣ እኔ እያስመሰልሁ ልጆቹን አስቃለሁ። ያን ጠዋት ግን ስሙ የሚመጣበትን እየጠበቅሁ ቆሜ ነበር። ግእዙ ያልፋል፣ ያልፋል፤ እትዬ እቴነሽ አጠገቤ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፤ እማዬ ደግሞ ዓይኗ ደርቆ ቀጥ ብላለች።

«ነፍሰ ገብርከ ወልደ ዮሐንስ» አሉ።

ስሙን አውቀዋለሁ፣ አያ። ደብዳቤህን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሲጠሩት ግን የማላውቀው ሰው ስም መሰለኝ፤ ማን ነው እሱ ብዬ ወደ በሩ ዞርሁ። እማዬም ዞራ ነበር። በሩ ላይ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነበረች። ሁለታችንም፣ ሰው እስኪገባ ድረስ እንደሚጠበቀው ያህል፣ ትንሽ ጠበቅን።

ከዚያ እማዬ አለቀሰች።

እፀገነት